ጋሽ ሜትር ኮምፒውተር ሲሠራ

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው። አርባ ዓመት በአናጢነት ሲኖር ሜትሩ ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሰውየው ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ አባቴ ተንበርክኮ የአልጋውን ርዝመት ሲለካ አገኘው። «ምነው ጋሽ ሜትር፣ ገና እኮ አልሞትኩም!» አለው ይባላል። አባቴ ግን አልጋው ሲወዛወዝ አይቶ ሊያጠብቅለት ነበር። በማግስቱም አጠበቀለት፤ ሰውየውም ዳነ።

አንድ አመል አለው። ከሱቅ የተገዛ ነገር ቤቱ ውስጥ ራቁቱን ሲቀመጥ ማየት አይችልም። ቴሌቪዥኑ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ቤት አለው። ሬዲዮው አለው፣ የስፌት መኪናዋ አላት፣ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ አለው። ማቀዝቀዣውን ሊያለብሰው ጣውላ መምረጥ ሲጀምር እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ወይ እኔ ወይ ሳጥኑ» ብላ ነው ያስጣለችው። እጁ ደግሞ ምንም አይወጣለትም። ሚስማር አይወድም፤ ብሎን የሰነፍ አናጢ ምርኩዝ ነው ባይ ነው። እንጨቱን ጥርስ አውጥቶለት ከእንጨት ጋር ያናክሰዋል፣ በኮላ ያትመዋል፣ ከዚያ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳብሶ «እስኪ ጉንዳን ትግባ!» ይላል። ጉንዳን ገብታ አታውቅም።

እናታችን ከሞተች በኋላ እሱና ታላቅ እህቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ አግብቼ ሁለት መንገድ አለፍ ብዬ እኖራለሁ፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የአባቴ እጅ ከሁለት ዓመት ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ እህቴ ናት የምትቆልፍለት። ሥራ የሚያመጣለት ሰውም አልቋል። እሱ ስለ እጁ አያወራም፤ እኛም እንዳላየ ሰው እንሆናለን። እንጨቱን ሞርሳ ውስጥ አጥብቆ አስሮ፣ ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን በሳምንት ይጨርሳል።

እህቴ ስምንት ዓመት የሰው ሠርግ ስትቆርጥና ስትቀጥል የኖረች ኤዲተር ናት። ባለፈው ዓመት የምትሠራበት ቪዲዮ ቤት ተዘጋ። ከዚያ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት መጣላት። አንደኛው፣ አውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚፈጅበት ከተማ ውስጥ ያለ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ነይና ሥሪ» አላት። ሁለተኛው፣ ለተማሪ ቤቶች የትምህርት ፊልም የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው፤ እቤቷ ቁጭ ብላ በቋሚነት እንድትሠራ ይፈልጋታል፣ ግን በራሷ ኮምፒውተር፣ በዚያ ላይ ደግሞ የአርባ ደቂቃ ፊልም በአንድ ወር ሠርታ ፈተናውን ካለፈች። ካለፈች ትቀራለች፣ ከወደቀች ሻንጣዋን ትሸክፋለች። አባቴ በቀን አሥር ጊዜ «ሂጂ እንጂ! እኔ ምን እሆናለሁ?» ይላት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቢላት አምነው ነበር።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በጌም ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ጌም የምጫወት ሰው ነኝ፤ መሳቅ ይቻላል። ሚስቴ «ያ ነገር በኔ ቤት ደጃፍ አያልፍም» ብላ ቆርጣ ስለነገረችኝ፣ ለእህቴ አንድ ሐሳብ አቀረብኩላት። ገንዘባችንን እናዋጣ፣ ያለቀለት ኮምፒውተር ከምንገዛ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠን ራሳችን እንገጣጥመው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያንቺ ይሁን፣ ቅዳሜ ከሰዓት የኔ። ተስማማች። መስማማታችን ግን እስከ ዝርዝሩ ድረስ ብቻ ነበር።

ዝርዝሩ ላይ ስንደርስ ጉድ ፈላ። እኔ ትልቁን ግራፊክስ ካርድ እፈልጋለሁ፣ እሷ ራም ትፈልጋለች። እኔ ፈጣን ሞኒተር እላለሁ፣ እሷ ቀለሙ የማይዋሽ ትላለች። ሁለቱንም ለማድረግ ኪሳችን አይፈቅድም። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ስንጮህ አባቴ ከሥራ ክፍሉ ሰጋቱራውን እያራገፈ መጣና ወንበር ሳበ።

«ቆይ» አለ፤ «እኔ እንጨት ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹ምን ይሸከማል?› ብዬ ነው። እስኪ አንድ በአንድ ንገሩኝ። ይሄ ምን ይሸከማል?»

ጣቱ ያረፈው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነበር፤ እኔ ከዝርዝሩ መጨረሻ ርካሹን ጽፌው ነበር።

«እሱ ምንም አይደል፣ ለሌሎቹ ኃይል የሚያከፋፍል ነው» አልኩ።

«ሁሉም የቆሙት በሱ ነዋ?»

«እ… አዎ።»

«ቢናጋስ?»

«ሌሎቹንም ይዟቸው ሊሄድ ይችላል» አለች እህቴ ቀድማኝ።

«ታዲያ ይሄ እግር ነው። ከእግር አይቆጠብም» ብሎ ባናጢ እርሳሱ ከላይ አንደኛ አድርጎ ጻፈው። ጽሑፉ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ሁላችንም ወረቀቱን ትተን ወደ መስኮቱ አየን።

እንዲህ እያደረገ ወረደ። ማዘርቦርዱን «ሁሉም የሚሰካበት ከሆነ ባዶ ቀዳዳ የተረፈው ይሁን፣ ነገ ቤተሰብ ይጨምራል» አለ። ራሙን እህቴ ስታስረዳው «የሥራ ጠረጴዛ ስፋት ነው በያ! ጠባብ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ይሠራል?» ብሎ እሷ ያለችውን ሠላሳ ሁለት ጊጋ አጸደቀ። ፕሮሰሰሩ ላይ፣ የመጨረሻውን ፊልም አቀናብሮ የሚያወጣው እሱ መሆኑን ሲሰማ ጠንከር ያለውን መረጠ። ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለፕሮግራሙ፣ አንዱ ለፊልሙ፣ መሣሪያና ጣውላ ባንድ መደርደሪያ አይቀመጥም አለ። ስለ ኮምፒውተር አንዲት ነገር የማያውቅ ሰው፣ እኔ በሁለት ሳምንት ንባብ ያልደረስኩበት ላይ ደረሰ፤ ደሜ ፈላ።

«የኔስ ካርድ?» አልኩ።

«ያንተ ካርድ ለሷ ምን ይሠራል?»

«ለኔም ይጠቅመኛል» አለች እህቴ፤ «ግን መካከለኛው ይበቃኛል።»

«መካከለኛው ይሁን።»

«አባዬ፣ በመካከለኛው እኮ ጨዋታው ይዘገያል!»

«ቢዘገይ ማን ይሞታል?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ ጨዋታው ውስጥ ነው የምትሞተው፤ ትነሳለህ።»

እህቴ ሳቋ አፈናት። ሞኒተሩም ወደሷ ሄደ። በመጨረሻ የቀረችኝ ኬዟ ነበረች፤ ጎኗ መስታወት የሆነ፣ ውስጧ ቀይና ሰማያዊ የሚበራ። ሥዕሏን ሳሳየው አባቴ ሜትሩን ከቀበቶው ነቀለ።

«ሳጥን?» አለ። «በዚህ ቤት ሳጥን ከሱቅ ይገዛል?»

ዓይኑ ውስጥ ደስታውን ሳይ ኬዟን ከዝርዝሩ ሰረዝኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

ዕቃውን ልንገዛ ሦስታችንም ሄድን። የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዋን የያዘችው ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምታወራ፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። አባቴ ካርዱን ከካርቶኑ ሳያወጣ ርዝመቱን፣ ቁመቱን፣ ውፍረቱን ለካ። ሲጨርስ የሷን ጠረጴዛም ለካ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«አባት፣ ቁም ሳጥን እኮ አይደለም የሚሠሩት» አለችው እየሳቀች። «ይሄ ነገር ይተነፍሳል። ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከላይ ሙቁ ይወጣል። ፋኖቹን እንደዚያ ይግጠሟቸው። ደግሞ አደራ፣ አቧራ ጠላቱ ነው።»

አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ውሎ አዳሩ ሰጋቱራ ውስጥ ለሆነ ሰው፣ ከዚህ ሁሉ ንግግር ተመርጣ ልቡ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። ይህን የተረዳነው በኋላ ነው።

ሥራው ተጀመረ። እኔና እህቴ ማዘርቦርዱን አባቴ በለካው ጣውላ ላይ አሰርነው፣ ፕሮሰሰሩን አስቀመጥን፣ ሽቦውን ሰካን። ሳጥኑ ገና ፊቱና ሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ነበሩት፣ ጀርባውና ክዳኑ አልተሠራም። ቁልፉን ስንጫነው በራ፤ እህቴ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ሦስት ሳምንት እንደዚያው ጀርባው ክፍት ሆኖ ምንም ሳያስቸግር ሠራ። እሷ የአበባ ዘር እንዴት እንደሚበተን የሚያስተምረውን ፊልም ስትቆርጥ፣ አባቴ ግድግዳው ማዶ ክዳኑን ሲያለሰልስ ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እየመጣሁ እሞታለሁ፣ እነሳለሁ።

ፊልሙ የሚረከበው ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ እህቴ ድምፅ ልታስቀዳ ወጣች፤ ስትመለስ ሳጥኑ አልቆ ጠበቃት። አርብ በምሳ ሰዓት እኔም ሄጄ አየሁት። ክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ ድሮ የመጽሐፍ መደርደሪያ የነበረበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ግድግዳው የወለደው ይመስል ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው። ሽቦዎቹ እንኳ የሚወጡት በልካቸው በተበሳ ቀዳዳ ነው።

«እስኪ አቧራ ትግባ!» አለ አባቴ።

እኔ ነኝ ያለ የጌም ሰው፣ ስለ ሙቀት ስንት ነገር ያነበብኩ፣ ቆሜ አደነቅኩ። እጄንም ጫንኩበት፣ እንዴት እንደሚለሰልስ ለማየት። ሰው ይታዘበኝ።

አርብ ከሰዓት እህቴ ፊልሙን ጨርሳ የመጨረሻውን ማቀናበር አስጀመረች። ሢሶው ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። እንደገና አስነሳችው፣ እንደገና ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አምስተኛ ሙከራዋ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ካርድህ ነው!» አለችኝ ገና በሩን ሳልፍ። «ያንተ ጌም ነው ያበላሸው!»

«መካከለኛውን ካርድ እኮ ነው የገዛነው!»

«ሰኞ እኮ ነው! ሰኞ ባዶ እጄን ልሂድ? ማክሰኞ ለጣቢያው መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ፣ ታውቃለህ!»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እኔ ልቤ ወልቆ ለሻጯ ደወልኩ፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት። ሁኔታውን ጨርሼ ሳልነግራት «ሳጥኑን በእጃችሁ ንኩት» አለች።

አባቴ ቀረብ ብሎ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሳ። ከምድጃ የወረደ ድስት ማለት ነበር።

«በየት ነው የሚተነፍሰው?» አለች ሻጯ።

ሦስታችንም ሳጥኑን ዙሪያውን አየን።

«ፋኖቹ አሉ አይደል?»

«አሉ» አለ አባቴ። «ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ ውስጥ ለውስጥ ያንኑ ሙቀት ያማስላሉ እንጂ! አባት፣ ቶሎ ይክፈቱት። ራሱን ለማዳን ነው የሚጠፋው፣ አልተበላሸም።»

ስልኩን ዘጋሁ። «እንክፈተው በቃ» አልኩ፤ ቀላል መስሎኝ።

«አይከፈትም» አለ አባቴ።

«እንዴት አይከፈትም?»

«ኮላ ነው። ክዳኑም፣ ጀርባውም። ከግድግዳው ጋርም አያይዤዋለሁ።»

«ከግድግዳው ጋር ለምን?» አለች እህቴ። ድምፅዋ መጮህ አቁሞ ነበር፣ በእውነት ገርሟት ነው የጠየቀችው።

«እንዳይነሳ።»

«ማን ሊያነሳው?»

አባቴ ወደ ወለሉ አየ። የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሌላኛው ያዘው።

«አንቺ» አለ። «ብትሄጂ ይዘሽው ትሄጃለሽ ብዬ። እሱ ከዚህ ካልተነቃነቀ አንቺም የምትነቃነቂ አልመሰለኝም። አውቃለሁ፣ የሞኝ ሐሳብ ነው። ‹ሂጂ› እያልኩ በእጄ የሠራሁት ይህን ነው። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ፣ ልጄ።»

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እናቴ የሞተች ለት እንኳ ያወራው ስለ በሩ መቀርቀሪያ ነበር። እህቴ አጠገቡ ሄዳ ትከሻው ላይ ግንባሯን አስደገፈች፤ እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ። ቢያንስ እሱ መነቀል ነበረበት።

አባቴ ወዲያው ቀና አለ። «ልቅሶው ይቆይ» ብሎ ትንሿን መጋዝ፣ መሰርሰሪያውንና እርሳሱን አመጣ። ሁለት መስኮት ይቆረጣል፤ አንዱ ከፊት ለፊት ከታች፣ አንዱ ክዳኑ ላይ ወደ ኋላ። መስመሩን በሜትር አሰመረ። ከጣውላው በታች ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ካርዱ አለ፣ ከካርዱ ጎን ሽቦው። የት ምን እንዳለ ሳያይ በቃሉ ያውቀዋል።

ቀዳዳውን በስቶ መጋዙን አስገባ። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ። በሦስተኛው መጋዙ ከመስመሩ አምልጦ ያንን የሚያብረቀርቅ ክዳን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ቆመ። እንደገና ሞከረ፣ እጁ ጭራሽ ባሰ።

«አባዬ፣ እኔ ልቁረጠው» አልኩ።

«አንተ ዳቦ እንኳ ቀጥ አድርገህ አትቆርጥም» አለኝና ወደ እህቴ ዞረ። «እጄ እምቢ አለኝ። ከታመመ ቆየ። ነይ፣ ያዢው።»

ያችን መጋዝ እኛ ነክተናት አናውቅም። በልጅነታችን አንድ ጊዜ ለጨዋታ አንስቻት የቀመስኩት ጥፊ አሁንም ትዝ ይለኛል። እህቴ ተቀበለችው። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ክርኗን ያዘላት።

«አትግፊው፣ ሳቢው። እሱ ይሂድ እንጂ አንቺ አትቸኩይ። ስምንት ዓመት ፊልም ስትቆርጪ አልነበር? ያው ነው፤ ከመስመሩ አትውጪ።»

እኔ እርጥብ ጨርቅ ዘርግቼ ሰጋቱራውን እቀበላለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወድቅ ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊታችንን ገረፈው። ጎባጣ ነበረች መስኮቷ፣ አንዱ ጎኗ ከሌላው የሚረዝም። አባቴ በጣቱ ዳበሳትና የእህቴን ክርን ወደ ሁለተኛው መስመር መራ። ሁለተኛዋ ተሻለች። ፋኖቹን ከታሰሩባቸው ጣውላዎች ፈትተን መስኮቶቹ ላይ አሰርናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት፣ በብሎን።

ቀትር ላይ እንደገና አስጀመረችው። ሦስታችንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተደርድረን ቁጥሩን እናያለን። ሢሶው ላይ ሲደርስ እህቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ አለፈ። ግማሽ ላይ አባቴ ተነስቶ መዳፉን ክዳኑ ላይ አደረገ፣ እዚያው ቆመ። «ለብ ብሏል» ይላል በየመሐሉ፤ «ለብ ነው ያለው፣ ደህና ነው።» መቶ ሲሞላ እህቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በዚያ ቅዳሜ ጌም ትዝ አላለኝም።

ሰኞ አስረከበች። ማክሰኞ ጣቢያውን ትንሽ ቀን ጨምሩልኝ አለች። በዘጠነኛው ቀን ድርጅቱ ደወለ፤ ወሰዷት። እኔ ከሥራ ሮጬ ስደርስ አባቴን ሳጥኑ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። መሮውን እህቴ ይዛለች፣ እሱ የት ላይ እንደምትመታ ያሳያታል፤ ሳጥኑን ከግድግዳው እያላቀቁት ነው።

«ምን ሆናችሁ? እዚሁ አይደለች እንዴ የምትሠራው?» አልኩ።

«እዚሁ ነች» አለ። «ሥራ ነገ ይለወጣል። መሄድ ካማራት ግድግዳ ሊይዛት አይገባም።»

ሳጥኑ ተላቆ ወለሉ ላይ ሲያርፍ፣ ኪሱ ውስጥ ያዘጋጃቸውን ሁለት የእንጨት እጀታዎች አወጣ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጎን አስለክቶ አስገጠማት። እህቴ ትክ ብላ አየችውና ሳጥኑን በአንድ እጀታ ልታነሳ ሞከረች። ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ለብቻ አይነሳም።»

«አዎ» አለ ሜትሩን ቀበቶው ላይ እየመለሰ፤ «በሌላኛው በኩል የምይዘው እኔ ነኝ።»